በናይሮቢ ውኃ በ94 ዲግሪ ይፈላል
መሣሪያን ስለ ማስተካከልና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቀረበ ትምህርት



በዚህ የትምህርት ዓመት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በአራት ቡድን ተከፍለው ውኃ አፈሉ። ውኃው መንተክተክ ሲጀምር ቴርሞሜትሩ የሚያሳየውን ቁጥር እንዲመዘግቡ ታዘው ነበር። ደብተሩ ሲሰበሰብ ሁለቱ ቡድኖች 100 ዲግሪ ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛው «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብሎ ቦታውን ባዶ ትቶታል። አራተኛው ቡድን ብቻ 94 ብሎ ጻፈ፤ እሱም ቢሆን ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። መምህራቸው 100 ብለው የጻፉትን «ይህን ቁጥር ከየት አገኛችሁት?» ቢሏቸው «ስልክ ላይ ያለውን ኤአይ ጠይቀን ነው» አሉ።

ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም ነበር። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,795 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ሞምባሳ ባሕሩ ዳር 100 ዲግሪ የሆነው እኛ ዘንድ 94፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ ነው።

ልጆቹን ለመውቀስ አልደፈርኩም። እኔም በልጅነቴ አዲስ አበባ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብዬ ሸምድጄ፣ ፈተና ላይ ጽፌ፣ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። መምህር ከሆንኩም በኋላ ያንኑ አስተምሬአለሁ። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ግን ውኃው አንድም ቀን 100 ደርሶ አያውቅም። ልዩነቱ እኔ መጽሐፉን አምኜ፣ እነሱ ስልኩን አምነው መሳሳታችን ብቻ ነው።

በማግስቱ መምህሩ ጥያቄውን በሌላ መልክ አስጠየቁ፤ «ናይሮቢ ነን፤ ከፍታው 1,795 ሜትር ነው፤ ውኃው በ94 ዲግሪ ፈላ፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ወይ?» ያው ፕሮግራም «አልተበላሸም» ብሎ ምክንያቱን በትክክል አስረዳ። ፕሮግራሙ ያው ነው። የተለወጠው ልጆቹ ያሉበትን ቦታና የለኩትን ቁጥር ይዘው መቅረባቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ትምህርትም ይኸው ነው፤ ማናቸውም መሣሪያ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ጭምር፣ በደንብ የሚሠራው ለሥራውና ለቦታው ሲስተካከል ነው። የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ መለካትና ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አለበት።

ማስተካከል በየሙያው

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ብዙ ቃላት አሉት። ክራር ይቃኛል፤ አዲስ ምጣድ ይሟሻል፤ ቢላ ይሳላል፤ መጋዝ ይሞረዳል፤ የስፌት መኪና ክር ይጠብቃል ወይም ይላላል። ቃሉ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ መሣሪያውን ከሚሠራው ነገርና ከሚሠራበት ቦታ ጋር ማስማማት። እስቲ በአካባቢያችን ያሉትን እንይ።

መኪና። ካርቡሬተር ያለው መኪና ሞምባሳ ላይ በደንብ ተስተካክሎ ናይሮቢ ሲደርስ ችግር ይገጥመዋል። ነዳጁ እንደ በፊቱ ይመጣል፣ አየሩ ግን ሳስቷል። ስለዚህ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። በግሮጋን አካባቢ ያለ ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትቶ ያያል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፤ ከነጣ ነዳጅ አንሷል፤ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ አየርና ነዳጅ የሚመጥነውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ የሚኒሞውን ድምፅ ያዳምጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቱርቦ የሌለው ሞተር ናይሮቢ ላይ ከባሕር ዳርቻው ጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። የሳሳ አየር በብሎን አይወፍርምና። ማስተካከል ካለው ነገር የተሻለውን ማውጣት እንጂ የሌለውን መፍጠር አይደለም።

የስፌት መኪና። የላይኛውና የታችኛው ክር መጠላለፍ ያለባቸው በጨርቁ መካከል ነው። በጨርቁ ጀርባ የላይኛው ክር ተንዘላዝሎ ከታየ የላይኛው ክር ላልቷል፤ የታችኛው ክር ወደ ፊት ተጎትቶ ከታየ የላይኛው ከልክ በላይ ጠብቋል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ይህን በደንበኛው ጨርቅ ላይ አይሞክርም። ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ወስዶ ይሰፋል፣ ገልብጦ ያያል፣ ማጥበቂያውን ትንሽ ያዞራል፣ እንደገና ይሰፋል። ለጂንስ የተስተካከለ መኪና ስስ ነጠላ ያኮማትራል። ስለዚህ «ምርጥ ማስተካከያ» የሚባል አንድ ቁጥር የለም፤ ለዚህ ጨርቅ፣ ለዚህ ክር፣ ለዚህ መርፌ የሚሆን ልክ ነው ያለው።

ቡና። በማሽን የሚቀዳ ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ቢወርድ ጥሩ ነው ይባላል። ቶሎ ከወረደ ቡናው ሻካራ ተፈጭቷል፣ ጣዕሙም ይሳሳል፤ ከዘገየ ከመጠን በላይ ልሟል፣ ይመርራል። የአየሩ እርጥበትና ቡናው ከተቆላ ያለፈው ጊዜ ውጤቱን ስለሚለውጡ፣ ጠንቃቃ ቡና ቀጂ ትናንት ያስተካከለውን መፍጫ ዛሬ ጠዋት እንደገና ይፈትሻል።

ምድጃ። በናይሮቢ ቤቶች የምናውቀው ከውስጡ የሸክላ ልባስ ያለው ጂኮ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚሁ ኬንያ የተስፋፋ ነው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው የጁዋ ካሊ ባለሙያዎች ናቸው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። ይህ ምድጃ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ለአገሩ እንዲስማማ ተሻሽሎ «ላቀች» የሚል ስም አግኝቷል። ከታች ያለችው ትንሽ በር የአየር መቆጣጠሪያ ናት፤ ለማፍላት ትከፈታለች፣ ወጡ እንዲንተከተክ ገርበብ ትደረጋለች።

ክራርና በገና። ክራር የሚቃኘው በሚዘፈነው ቅኝት፣ በትዝታ ወይም በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ፣ እንዲሁም በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። በገና ደግሞ 10 አውታሮች አሉት፤ በአውታሩና በመደገፊያው መካከል እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ አውታሩ ያንን የታወቀ ነዛሪ ድምፅ የሚሰጥበትን ቦታ ይፈልጋል። የስልክ መቃኛ የድምፁን ከፍታ በትክክል ሊለካ ይችላል። ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ ጥሩ እንደሆነ የተማረ ፕሮግራም ግን የበገናውን መንዘር እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። በገናን በገና የሚያደርገው ያ ጉድለት የመሰለው ነው።

ሦስት ሕጎች

ከእነዚህ ሙያዎች ሁሉ ሦስት የጋራ ሕጎች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ጥሩ ማለት ምን እንደሆነ አስቀድመህ እወቅ። መካኒኩ የካንዴላውን ቀለም፣ ሰፊው የስፌቱን ጀርባ፣ ደርዳሪው የአውታሩን ድምፅ ያውቃል። ግቡን የማያውቅ ሰው ብሎን ቢያዞር ያበላሻል እንጂ አያስተካክልም።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ክሩንም መርፌውንም ማጥበቂያውንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው፣ ቢስተካከልለት በምን እንደተስተካከለ፣ ቢበላሽበትም በምን እንደተበላሸ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ከመንካትህ በፊት የነበረውን፣ ከነካህም በኋላ የሆነውን ጻፍ። መንገድ የጠፋበት ሰው ወደ ተነሳበት መመለስ የሚችለው ምልክት ከተወ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የት ይገባል?

ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ሞተር ላይ የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ኳሶች ገጠመ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ተወርውረው እንፋሎቱን ያጠባሉ፤ ሲዘገይ ወርደው ያሰፉታል። በዛሬው መኪና ይህን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። በጭስ መውጫው ላይ ያለ የኦክስጅን ሴንሰር የቀረውን አየር ይለካል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን በየሰከንዱ ደጋግሞ ያርማል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ከሞምባሳ ናይሮቢ ሲመጡ ብሎን ማዞር የማያስፈልጋቸው ለዚህ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የዚህ መንገድ ቀጣይ እርምጃ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ጉግል፣ ዲፕማይንድ የተባለው ክፍሉ የሠራው ፕሮግራም ትልልቅ የኮምፒውተር ማዕከሎቹን ለማቀዝቀዝ የሚወጣውን ኃይል እስከ 40 በመቶ እንደቀነሰ አስታወቀ። ፕሮግራሙ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሴንሰሮች የተሰበሰበውን መረጃ አጥንቶ ፓምፖችና ማቀዝቀዣዎች እንዴት ቢሠሩ እንደሚሻል ያሰላል። አንድ ሰው ያን ሁሉ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሊያይ አይችልም። እንግዲህ ጥቅሙን መካድ አይገባም።

ግን ልብ በሉ። እዚያ ሴንሰሮቹን የተከሉት ሰዎች ናቸው። «ማሽኖቹ ሳይግሉ ኃይል ይቆጠብ» የሚለውን ግብም ያወጡት ሰዎች ናቸው። መለኪያና ግብ ከተሰጠው መሣሪያው ፈጣን ነው። ካልተሰጠው ግን ከሌላ አገር፣ ከሌላ ሁኔታ የተማረውን አማካይ መልስ ይሰጠናል። የእኛ 94 ዲግሪ 100 የሆነው እንዲሁ ነው።

እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚያውቁት

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። በወላጆች ስብሰባ አንዲት እናት ከእንጀራ በቀር የማውቀው ነገር የለም፣ ልጄን በትምህርቱ መርዳት አልችልም ብለው አዘኑ። እኚህ እናት ግን ከላይ የጻፍኳቸውን ሦስት ሕጎች በየቀኑ ይሠሩባቸዋል፤ ሦስተኛውን በደብተር ሳይሆን በራሳቸው ይይዙታል። ናይሮቢ ላይ ጤፍ ውድ ስለሆነ ከሩዝ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር ይቀላቅላሉ፤ በሐምሌ ብርድ ሊጡ ኩፍ ለማለት ስለሚዘገይ ጊዜውን ያራዝማሉ፤ ምጣዱ ከልክ በላይ ከጋለ እንደሚያሳርር፣ ከቀዘቀዘ እንደሚያጣብቅ ያውቃሉ። የመጀመሪያዋን እንጀራ ለሙከራ ያወጣሉ፤ «የምጣድ ማሟሻ» የምንለው አባባልም ከዚሁ የመጣ ነው። ይህ በእጅ የተያዘ ሳይንስ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ በናይሮቢ ብርድ ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ የጻፈ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ልጆች እናታቸውን ትተው ስልኩን ብቻ ከጠየቁ፣ ብዙ የሚያውቀውን ሰው ትተው በዚህ ጉዳይ ጥቂት የሚያውቀውን መሣሪያ ጠየቁ ማለት ነው። እናት ወይም አባት ያላቸውን እውቀት ልጁ ካልወሰደውና ካልጻፈው በአንድ ትውልድ ይጠፋል። የእኛ ልጆች ደግሞ ከአገር ርቀው ያደጉ ናቸውና ለዚህ ጥፋት ይበልጥ ይቀርባሉ።

የዕረፍት ጊዜ መልመጃ

ተማሪዎች ሆይ፣ በዕረፍቱ ወራት ይህን ሠርታችሁ እንድትመጡ እጠይቃለሁ።

1. በቤታችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ሥራ ቦታ ካለው አንድ መሣሪያ ምረጡ፤ ምጣድ፣ ጂኮ፣ የስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ ክራር ወይም ሌላ።
2. መሣሪያውን የሚያውቀውን ሰው «በደንብ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቃለህ? በምን ታውቂያለሽ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መልሱን በተናገሩት ቃል ጻፉ።
3. አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ በፊት የነበረውንና በኋላ የሆነውን በደቂቃ፣ በዲግሪ ወይም በሌላ መለኪያ መዝግቡ። እሳትና ኤሌክትሪክ ባለበት ሁሉ አዋቂ ሰው አብሯችሁ ይሁን።
4. በመጨረሻ ብቻ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቁ፤ ያላችሁበትን ቦታና የለካችሁትን ቁጥር ጨምራችሁ። የሰጠው መልስ ካያችሁት ጋር የት እንደሚስማማና የት እንደሚለይ ጻፉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው ሲመጡ «እኔ አልተማርኩም» አትበሏቸው። የምታውቁትን ንገሯቸው።

ያን ቀን 94 ብሎ የጻፈው ቡድን ደብተር አሁን በሳይንስ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የጥያቄ ምልክቱን አላጠፋነውም። ያዩትን በታማኝነት ጽፈው ያልገባቸውን መጠየቃቸው ስለሆነ እንዳለ ትተነዋል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር