እቅፍ አበባ ከአትክልት ተራ ወደ ደብረ ሲና፦ በክረምት ሳይጠወልግ እንዲደርስ

አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰው አበባ ማዘዝ የደቂቃዎች ጉዳይ ሆኗል። አበባ ቤቱ ጋ ይደወላል፣ ብሩ በቴሌብር ይላካል፣ ሞተረኛው በር ላይ ያደርሳል። ትእዛዙ እንደ ደብረ ሲና ላለ ትንሽ ከተማ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ትኩስ ጽጌረዳ የሚሸጥ ሱቅ ላይገኝ ይችላል፤ በቤት ቁጥር ቤት ማግኘትም ዘበት ነው፤ በመሀል ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ግድም የክረምት መንገድ አለ። እዚህ የማስረዳው መነሻውን አትክልት ተራ አካባቢ ላደረገ ሰው ነው። ወደ ፍቼ ወይም ወደ ደጀን የሚልክ ግን መናኸሪያውን ብቻ ቀይሮ ሊሠራበት ይችላል።

መጀመሪያ ተቀባይ

ብዙ ሰው ከአበባው ቀለም ይጀምራል። እኔ የምመክረው ከመንገዱ መጨረሻ እንዲጀመር ነው። አበባው የሚላክላቸው ሰው እና አበባውን ከመኪና ላይ የሚቀበለው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ጡረታ የወጡ መምህርት ወይም አራስ ሴት በዝናብ መንገድ ዳር ቆመው አውቶቡስ እንዲጠብቁ ማድረግ ስጦታውን ሸክም ያደርገዋል። የጎረቤት ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ወይም ቤቱን የሚያውቅ የባጃጅ ሾፌር ፈልጉ። ሰው ካጣችሁ በከተማው የሰርግ ዲኮር የሚሠራ ካለ አጠያይቁ፤ አበባ አያያዝ ስለሚያውቅ ከሁሉም ይሻላል።

አድራሻውን የአካባቢው ሰው በሚናገርበት መንገድ ጻፉ፦ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት ጀርባ፣ የበሩ ቀለም ምን እንደሆነ። ሁለት ስልክ ቁጥር ያዙ፤ የአንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላው ያድናል። ለተቀባዩ የሚላከው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ወንድሜ፣ እንደምን ዋልክ? ነገ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ አንድ ረጅም ካርቶን ይደርስሃል። የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ሲነሳ እልክልሃለሁ። አደራህን፣ ፀሐይ ላይ እንዳታቆመው። ለእትዬ የምታደርስበትን የባጃጅ ሒሳብ እኔ እችላለሁ።»

ስጦታውን ድንገተኛ ለማድረግ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። በትንሽ ከተማ ግን ካርቶኑ ገና ከመኪና ሳይወርድ ወሬው ቤት ይደርሳል። ቢያንስ አንድ የቤቱ ሰው ይወቅ፤ አለዚያ እትዬ ለለቅሶ ወይም ለዝክር ከቤት ወጥተው አበባው የተዘጋ በር ላይ ይውላል።

ቀኑና መኪናው

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በዚህ ጊዜ አበባ የሚያስልኩ ጉዳዮች አይጠፉም፦ የተማሪዎች ምርቃት፣ ልደት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ከዚያም እንቁጣጣሽ። ከአበባው ጋር ኬክ ወይም ቸኮሌት ለማከል ካሰባችሁ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ መሆኑን አትርሱ፤ ወተትና እንቁላል ያለበት ስጦታ በጾም ቤት ገብቶ ባለቤቱን ያሳቅቃል። በእነዚያ ቀናት አበባውን ብቻ ላኩ፤ ካስፈለገም የጾም ብስኩት ጨምሩ።

ከውጭ ሀገር የምታዙ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር ጻፉ። «በ9 ሰዓት» ስትሉ በፈረንጅ ጠዋት ማለታችሁ ከሆነ፣ አበባ ቤቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ነው የሚረዳው። አውቶቡሱ ያኔ ሄዷል።

ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ መስመር የሚሄዱ መኪኖች የሚነሱት ከላምበረት መናኸሪያ ነው። ለአትክልት ተራ የሚቀርበው የመርካቶው አውቶቡስ ተራ ነውና በልማድ ወደዚያ የሚሮጥ ሰው ጠዋቱን በከንቱ ያጠፋል። ረጅም መንገድ የሚሄዱት ንጋት ላይ ስለሚነሱ፣ ካርቶኑ ማታውኑ ተዘጋጅቶ ማደር አለበት። ከሁለት ቀን በፊት ለመናኸሪያው ሰዎች ወይም መስመሩን ለሚመላለስ ሾፌር ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ፣ ከዚያ ወዲያ የጸጥታው ሁኔታ፣ አንዳንዴም ናዳ መኪና ያቆማል። መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነ ትእዛዙን አስተላልፉት፤ ሁለት ቀን ዘግይቶ የደረሰ አበባ፣ ሁለት ቀን ካርቶን ውስጥ ካደረው ይበልጣል።

ሩቅ ላለ ከተማ አውሮፕላንም አማራጭ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና ኮምቦልቻ ስለሚበር ከዚያ ወዲያ ያለውን በመኪና መጨረስ ይቻላል። ለደብረ ሲና ግን መኪናው ይበቃል።

ለመንገዱ የሚሆን አበባ

አበባ ወደ ውጭ በመላክ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። እርሻዎቹ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ አካባቢ ይገኛሉ። የካቲት ላይ የፍቅረኞች ቀንና የሴቶች ቀን አንድ ወር ውስጥ ስለሚገጥሙ ጽጌረዳው ወደ አውሮፓ ይጎርፋል፤ በእኛ ክረምት ግን አውሮፓ በጋ ሆኖ የራሱ አበባ ስለሚያብብ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ለሀገር ውስጥ ገዢ ክፉ ጊዜ አይደሉም፤ ተደራደሩ።

እንደ ሆለታ ካለ ደጋ የመጣ ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ግንዱ ረዘም፣ እምቡጡ ተለቅ ይላል። የዝዋዩ ቶሎ የሚደርስና አነስ ያለ ነው። ሻጩን ከየት እንደመጣና መቼ እንደተቆረጠ ጠይቁት። ግንዱ ስለጎበጠ ወይም ስላጠረ ለውጭ ገበያ ያልተመረጠ አበባ ችግር የለበትም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሰንብቶ የተረፈው ነው ችግሩ። መለያው ቀላል ነው፦ እምቡጡን ከሥሩ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ያዙት። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፤ ለስለስ ካለ እዚያው ተዉት።

ሙሉ በሙሉ የፈነዳ አበባ ለመንገድ አይሆንም። ለዛሬ ማታ ፎቶ ያምራል እንጂ ነገ ደብረ ሲና ሲደርስ ቅጠሉ ካርቶን ውስጥ ረግፎ ይገኛል። ገና ሊከፈት የጀመረውን እምቡጥ ምረጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች እስከዚያ ጽጌረዳው አይቸገርም። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፤ ሸዋ ሮቢት ከተደረሰ ደግሞ ቆላ ነው። ስለዚህ ለደብረ ሲና ጽጌረዳውን ቀነስ አድርጋችሁ ካርኔሽንና ክሪሳንተመም ጨምሩበት፤ ለሸዋ ሮቢት እንዲያውም ጽጌረዳውን ብትተዉት እወዳለሁ።

አደይ አበባ ላክልን የሚል ሰው በጳጉሜን አይጠፋም። አትላኩ። ከተቆረጠ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ደግሞም ለደብረ ሲና ሰው አደይ መላክ ለባሕር ዳር ሰው ውሃ እንደመላክ ነው።

ሲታዘዝ

በስልክ ስታዙ እነዚህን ሳትናገሩ አትዝጉ፦ አበባው ተፈጥሯዊ እንጂ ሰው ሠራሽ አለመሆኑን፣ ለደስታ ወይስ ለለቅሶ መሆኑን፣ በአውቶቡስ እንደሚጓዝና ለምን ያህል ሰዓት እንደሆነ። የመጨረሻውን የሰማ ባለሙያ አስተሳሰሩን ራሱ ይለውጣል። ዋጋውን አበባ፣ ማሸጊያ እና ማድረሻ ብሎ ለየብቻ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ግማሹን ቀብድ ክፈሉ፤ እቅፉ ሳይታሸግ በፊት በቴሌግራም ፎቶ ይላክላችሁ። የሚያብለጨልጭ ወረቀትና ብዙ ጥብጣብ አያስፈልግም። ያ ገንዘብ አምስት ተጨማሪ ግንድ ይገዛል።

ካርዱን በእስክሪብቶ አጽፋችሁ በላስቲክ ሸፍኑት። በፓርከር ቀለም የተጻፈ «እንኳን ደስ ያለዎት» ዝናብ ከነካው ማን እንደላከው እንኳ አይታወቅም።

ማሸጉ፣ እንደ አትክልት ተራ ሰው

የአትክልት ተራ ስም የገነነው በቲማቲምና በሽንኩርት ነው። የጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ላፍቶ ውስጥ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ቢዛወርም፣ ቶሎ የሚበላሽ ነገርን የማጓጓዝ ዘዴ ለመማር ከዚያ ገበያ ሰዎች የሚሻል መምህር አላውቅም። ቲማቲም በሌሊት ይጓዛል፣ ሳጥኑ ከአፉ በላይ አይሞላም፣ በጣውላው መሀል አየር ይገባል። ለአበባም ይኸው ነው።

ማታ ከግንዱ ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር በስለት ሰያፍ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠልና እሾህ አራግፉ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳልና። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ቢያንስ አራት ሰዓት ይቁም፤ ቢያድር ይመረጣል። ይህን እርምጃ የሚዘል አበባ ቤት ካለ ሌላ ፈልጉ።

ንጋት ላይ የግንዶቹን ጫፍ በረጠበ ጥጥ ጠቅልሉ፤ በላዩ ፌስታል አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩት። ግንዱ ብዙ ከሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ከመሀሉ ቆርጣችሁ ታችኛውን ግማሽ እንደ ጫማ አልብሱት። ጫፉ ይርጠብ እንጂ አበባው ራሱ ደረቅ ይሁን። ብዙዎች «እንዳይደርቅ» ብለው ውሃ ይረጩበታል፤ በዚህ የክረምት እርጥበት ግን የረጠበ እምቡጥ ተዘግቶ ሲውል ግራጫ ሻጋታ ያወጣል።

ረጅምና ጠንካራ ካርቶን መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኛላችሁ። ሳሙና ወይም በርበሬ የነበረበትን ግን አትውሰዱ። በጎንና በጎኑ ቀዳዳ ብሱ፣ ሥሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ግንዶቹን ከካርቶኑ ጋር በገመድ እሰሯቸው፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ እምቡጡ ግድግዳ እንዳይመታ። ውጪው ላይ በትልቁ «አበባ፣ ከላይ ዕቃ አይጫንም» ብላችሁ ጻፉ፤ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትም ሥሩበት።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር። ሙዝ፣ ማንጎና ቲማቲም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ አበባን በተለይም ካርኔሽንን ቶሎ ያስረጃል። የመኪና ጭስም ኤቲሊን አለበት። ስለዚህ «ለእትዬ ሙዝም ልጨምር» ብላችሁ አንድ ካርቶን ውስጥ አትክተቱ፤ አበባውንም ፍራፍሬ በጫነ አይሱዙ ላይ አትላኩ፤ ሾፌሩ ዘመድ ቢሆንም።

ጭነቱና መድረሻው

ካርቶኑ ፖርቶመጋላ ላይ አይውጣ። ዝናብና ንፋሱ አንድ ነገር ሆኖ፣ የሌላ ሰው ከረጢት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከረዳቱ ጋር ተነጋግራችሁ ውስጥ፣ ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ ክፍያውንም አትሰስቱ። ታርጋውን ፎቶ አንሱ፣ የረዳቱን ስልክ ያዙ፣ ሁለቱንም ወዲያው ለተቀባዩ ላኩ። ወደ ደሴ የሚያልፍ መኪና ለካርቶን ብሎ ብዙ አይቆምም፤ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ረዳቱ እንዲደውልና ተቀባዩ ቀድሞ መንገድ ዳር እንዲወጣ ተስማሙ።

ቤት ሲገባ ጥጡ ይፈታ፣ የግንዱ ጫፍ እንደገና ይቆረጥ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይጨመር፤ ስኳሩ ምግብ ነው፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይቀንሳል። ማንም እንዳይጠጣው ይነገር። ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር፤ ማስቀመጫው ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከፍራፍሬ ሳህን ይራቅ። ጎንበስ ያለ ጽጌረዳ ካለ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ተቀባዩ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ የቀረውን ሒሳብ ለአበባ ቤቱ የምትልኩት ያንን ካያችሁ በኋላ ነው፤ የባጃጁን ግን ቀድማችሁ ላኩ።