«እንዴት አወቅህ?»፦ ልጆቻችን በማስረጃ እንዲጽፉ ስለማስተማር

በቤቱ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ያለው አንባቢ የልጁን የድርሰት ደብተር ገልጦ ይመልከት። «የትምህርት ጥቅም»፣ «ስለ ጤና»፣ «አገሬ» የሚሉ ርዕሶችን ያገኛል። ከርዕሱ ሥር ያለው ጽሑፍ «እንደሚታወቀው ትምህርት ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው» ብሎ ይጀምርና «ስለዚህ ትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው» ብሎ ይጨርሳል። መሐሉን ምኞትና አባባል ሞልተውታል። የእጅ ጽሕፈቱ ካማረና ፊደሉ ካልተሳሳተ መምህሩ ከ10 ስምንት ይሰጠዋል። ልጁ «እንደሚታወቀው» ሲል በማን ዘንድ እንደሚታወቅ፣ በምንስ እንደታወቀ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

ጉዳዩ የድርሰት ማርክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። ነገር ግን ዛሬ የ13 ዓመት ልጅ በእጅ ስልኩ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲጎርፍበት የሚውለው ወሬ ብዙ ነው። ከዚያ መካከል ሰፈርን ከሰፈር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያናክስ አለበት። «ተባለ» እና «ተረጋገጠ» የሚባሉትን ሁለት ቃላት ሳይለይ ያደገ ልጅ ነገ ምን ሊያስተላልፍ፣ በምንስ ሊነሳሳ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህን ልዩነት ለማስተማር ደግሞ ከ12 እስከ 14 ያለው ዕድሜ የተመቸ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ በራሱ መከራከር ይወድዳልና።

ለማስተማሪያ የሚሆን ጥያቄ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጀበናው ከፊታችን ነው። መምህሩ ወደ ክፍል ገብቶ በሰሌዳው ላይ «የቡና መነሻ የት ነው?» ብሎ ይጻፍ። ተማሪው በአንድ ድምፅ «ኢትዮጵያ!» ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ «እንዴት አወቃችሁ?» ሲባል ካልዲ የተባለው እረኛና ፍሬውን በልተው የጨፈሩት ፍየሎቹ ይመጣሉ። እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ተደርጎ ይነገራል። በጽሑፍ ያሰፈረው ግን ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ በሮም ያስተምር የነበረ የማሮናውያን ሊቅ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1671 ነው። በመካከሉ 800 ዓመት ያህል አለ። በዚያ ላይ በናይሮኒ ትረካ እረኛው ካልዲ ተብሎ አልተጠራም፤ ነገሩ የሆነበት አገርም ኢትዮጵያ ሳይሆን የመን ነው!

አንዳንድ መምህር እዚህ ጋ ሲደርስ ይደነግጥ ይሆናል። «ልጆቹን በአገራቸው ታሪክ ልናስጠራጥራቸው ነው?» የሚል ስጋት አለ። እንደኔ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒው ነው። በተረት ብቻ የቆመ ኩራት የመጀመሪያው ተከራካሪ ሲገፋው ይወድቃል። ልጁ ግን ተረቱን በተረትነቱ አስቀምጦ ሌላ ማስረጃ እንዲፈልግ ከተገፋፋ የሚያገኘው የበለጠ ጠንካራ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የአረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከእነዚህ ደኖች መካከል የካፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። የዓለም ሳይንቲስቶች በዘር ልዩነቱ የበለጸገ የአረቢካ ቡና የሚፈልጉትም እዚሁ ነው። «አረቢካ» የሚለው ስያሜ ራሱ ልጆችን ማነጋገሩ አይቀርም። ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው፤ ቡና ወደ አውሮፓ የገባው በዓረቦች በኩል በመሆኑ አገሩ ዓረቢያ መስሎት ነበር። የታላቅ ሊቅ ስም በራሱ ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

አሁን ልጁ ይጻፍ። በመጀመሪያ አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጥ። ከዚያ ማስረጃውን ከነምንጩ ይጥቀስ። ሦስተኛውና ሁልጊዜ የሚዘለለው ደግሞ ማስረጃው አቋሙን ለምን እንደሚደግፍ ማስረዳት ነው። ብዙ ልጆች «በካፋ የዱር ቡና አለ» ብለው ነጥብ ያኖራሉ፤ አንባቢው የቀረውን በራሱ የሚሞላላቸው ይመስላቸዋል። አንቀጹ ቢታረም ይህን ሊመስል ይችላል፦

«የቡና ተክል መነሻ ኢትዮጵያ ናት ብዬ አምናለሁ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ቡና ሳይተከል በቅሎ ይገኛል፤ የዘሩም ዓይነት ብዙ ነው። አንድ ተክል ሰው ወስዶ በተከለበት አገር የሚገኘው ከጥቂት ዘር የተራባው ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል፤ ልዩነቱ የሚበዛው ለረጅም ዘመን በኖረበት ቦታ ነው። የዱር ቡና በደቡብ ሱዳን ቦማ አካባቢም ይገኛል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቦማ ለእነዚሁ ደኖች የቀረበ ስለሆነ መነሻው በዚሁ አካባቢ ነው የሚለውን አያፈርሰውም።»

ተቃውሞውን ራሱ ልጁ አንስቶ ራሱ እንደመለሰው አንባቢ ልብ ይሏል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት በላ ልበልሃ ይባባሉ የነበሩት ተሟጋቾች የባላጋራን ነገር ሳይሰሙ አይመልሱም፤ ነገሩም ያለ ምስክር አይጸናም ነበር።

ጎበዝ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ይቻላል። ተክሉ የተገኘበትና መጠጡ የተጀመረበት አንድ ላይሆን ይችላልና። ቡና ስለመጠጣት እስካሁን ከምናውቃቸው ጽሑፎች የቆዩትና የታመኑት ወደ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመን ያመለክታሉ፤ ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። በ1511 እ.ኤ.አ. መካ ላይ ኸይር በይ የተባለው ሹም ቡናን መከልከሉም ተመዝግቧል። ስለዚሁ ሙግት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አብዱልቃዲር አል ጀዚሪ፣ ቡና ይታወቅባቸው ከነበሩ አገሮች መካከል የሐበሻንና የጀበርትን አገር ያነሳል፤ መቼ እንደተጀመረ ግን እንደማይታወቅ ያስቀምጣል። «አይታወቅም» ብሎ መጻፍ የሊቅ ሥራ መሆኑን የ8ኛ ክፍል ልጅ ቢያይ መልካም ነው።

በመድረሳ ያለፉ ልጆች ለዚህ ትምህርት ግማሽ መንገድ ሄደውለታል ማለት ይቻላል። በሐዲስ ዕውቀት የአንድ ንግግር ቃሉ ብቻ አይመረመርም፤ ማን ከማን ሰማው የሚለው ሰንሰለትም ይመረመራል። አስተላላፊው ደግ ሰው መሆኑ አይበቃም፤ የማስታወስ ችሎታው፣ ከነገረው ሰው ጋር በአንድ ዘመን መኖሩ ሁሉ ይጠየቃል። ልጁ ይህን በመስጊድ ሰምቶ በትምህርት ቤት ደብተሩ «እንደሚታወቀው» ብሎ ሲጽፍ ሁለቱን ያላገናኘለት እኛው ነን።

ከታላላቆች ጋር ያለው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አያትን «እንዴት አወቅሽ?» ማለት ነውር ነው፤ ልጁም በዚህ ቢገሠጽ አይገርምም። «እማማ፣ ይህን ከማን ሰሙት? እርስዎ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን አክብሮት ነው፤ ብዙ አዛውንትም ደስ እያላቸው ያወራሉ። የሰሙትንና በዓይናቸው ያዩትን ለይቶ መመዝገብ የልጁ ፋንታ ነው።

መጽሐፍ በሌለበት ትምህርት ቤትም ማስረጃ አይጠፋም። «የትምህርት ቤታችን የውሃ ቧንቧ ይበቃል ወይ?» የሚል ርዕስ ይሰጥ። ልጆቹ ቧንቧውን ይቁጠሩ፣ በዕረፍት ሰዓት ሰልፉ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይለኩ፣ ከአንድ ቀን ይልቅ አምስት ቀን ይመዝግቡ። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ላይወደው ይችላል፤ ቢሆንም የራሱን ቁጥር ይዞ የጻፈ ልጅ ሌላ ሰው ያመጣለትንም ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም።

የቀረው የእርማት ነገር ነው። በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ተማሪ የያዘ መምህር ሙሉ ድርሰት እያረመ ሊዘልቅ አይችልም፤ ይህን የሚጠይቀው ሰውም መምህር ሆኖ አያውቅም። አንድ አንቀጽ ብቻ ያጽፍ። ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው በጓደኛቸው ጽሑፍ ውስጥ ማስረጃ በጎደለው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጎን በእርሳስ «እንዴት አወቅህ?» ብለው ይጻፉ። መምህሩ ከዚያ አሥሩን ያህል መርጦ ይመልከት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች አሥር። ቀይ እስክሪብቶውን ለፊደል ስህተት ከማዋሉ በፊት ለዚያች ጥያቄ ያውለው።