«ረክሶ ካገኙ ልዩነቱን እንመልሳለን» ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?

መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ የጎረቤቱን ዋጋ ማወቅ ሲፈልግ ሠራተኛውን ገዢ አስመስሎ ይልካል። ልጁም ዋጋ ጠይቆ፣ ጥቂት ተከራክሮ ይመለሳል። የእንግሊዝ ታላላቅ ሱፐር ማርኬቶች የሚሠሩትም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ እነርሱ ያገኙትን ዋጋ በጓዳ አለመያዛቸው ነው። ይልቁንም «ተፎካካሪያችን ዘንድ ረክሶ ካገኙ ልዩነቱን እንመልሳለን» ሲሉ በአደባባይ ቃል ይገቡ ነበር። ይህ ቃል የዋጋ ዋስትና ይባላል። በዛሬው ትምህርታችን ዋስትናው እንዴት እንደሚሰላና ማንን እንደሚጠቅም እንመለከታለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

በእንግሊዝ አገር የዋጋ ዋስትና ፉክክር እጅግ ተጋግሎ የነበረው ከ2010 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ነው። አስዳ የተባለው ሱፐር ማርኬት በ2011 የደንበኛው ዕቃ ከተፎካካሪዎቹ በ10 በመቶ ካልረከሰ ልዩነቱን በኩፖን እንደሚከፍል አስታወቀ። ለምሳሌ ያህል ተመሳሳዮቹ ዕቃዎች ሌላው ዘንድ 30 ፓውንድ ካወጡ አስዳ ዘንድ ከ27 ፓውንድ መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። ደንበኛው 28 ከ50 ከፍሎ ከሆነ 1 ከ50 ይመለስለታል። ለማነጻጸሪያ የሚያገለግሉትን ዋጋዎች የሚያቀርበውም ማይሱፐርማርኬት የተሰኘ ራሱን የቻለ ዋጋ አነጻጻሪ ድርጅት ነበር።

ሴንስበሪስ በበኩሉ በዚያው ዓመት የታወቁ ፋብሪካዎችን ምርቶች ብቻ ከቴስኮና ከአስዳ ጋር እያነጻጸረ ኩፖኑን እዚያው ገንዘብ መክፈያው ላይ መስጠት ጀመረ። ቴስኮ ደግሞ በ2013 አትክልትና ሥጋን፣ በመደብሩ ስም የታሸጉ ምርቶችንም ጨምሮ፣ ቢያንስ 10 ዓይነት ዕቃ ለገዛ ሰው እስከ 10 ፓውንድ የሚደርስ ኩፖን ለመስጠት ቃል ገባ።

የሁሉም ስሌት በአራት ደረጃዎች ያልፋል።

አንደኛ፣ ዕቃውን ማጣመር ነው። የአንድ ፋብሪካ ቡና በየትኛውም መደብር ያው ቡና ስለሆነ አያከራክርም። መደብሩ ራሱ የሚጋግረው ዳቦ ግን አቻ ስለማይገኝለት ብዙውን ጊዜ ከስሌቱ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ማስተካከል ነው። 500 ግራም ቡና 2 ፓውንድ፣ 450 ግራም ደግሞ 1 ከ90 ቢሸጥ ሁለተኛው የረከሰ ይመስላል። በኪሎ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 4 ፓውንድ፣ ሁለተኛው 4 ከ22 ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የትኛው ዋጋ እንደሚወሰድ መወሰን ነው። መደበኛው ነው ወይስ የቅናሹ? ቴስኮ በ2019 የደንበኝነት ካርድ ለያዘ ብቻ የሚሠራ ዋጋ ካመጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከብዷል፤ አንድ ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዋጋ ይዞ ይገኛልና።

አራተኛ፣ መደመር ነው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የብዙዎቹ ዋስትናዎች ስሌት በየዕቃው ሳይሆን በጠቅላላ ድምር መሆኑ ነው። ዘይቱ ከተፎካካሪው በ1 ከ20 ቢወደድ፣ ሳሙናው ደግሞ በ70 ሳንቲም ቢረክስ፣ ደንበኛው የሚያገኘው የዘይቱን ልዩነት ሳይሆን 50 ሳንቲም ብቻ ነው። የረከሰው ዕቃ የተወደደውን ይሸፍንለታል ማለት ነው። ኩፖኑም ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ደንበኛው የሚጠቀምበት ተመልሶ ከዚያው መደብር ሲገዛ፣ ያውም ቀኑ ሳያልፍበት ነው።

«ተመሳሳይ» ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው በመጀመሪያው ደረጃ ምክንያት ነው። ቴስኮ በመደብሩ ስም የታሸጉ ምርቶችን ማነጻጸር ሲጀምር ሴንስበሪስ ተቃወመ። የእኔ ሻይ ለገበሬው ፍትሐዊ ዋጋ ተከፍሎበታል፣ የታሸገው የአሳማ ሥጋዬም የእንግሊዝ ነው፤ የቴስኮ ርካሽ ሻይና ሥጋ እንዲህ ስላልሆኑ አቻ ሊባሉ አይገባም የሚል ነበር አቤቱታው። የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አካል በ2013 አቤቱታውን አልተቀበለውም። ሴንስበሪስ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢሄድም በ2014 ተረታ። ዕቃዎቹ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት እስከዋሉና ንጽጽሩ አሳሳች እስካልሆነ ድረስ ማነጻጸር ይቻላል ማለት ነው።

ጥያቄው ግን በዚያ አልተዘጋም። ቢቢሲ በ2024 ባደረገው ምርመራ የቴስኮና የአልዲ ዋጋቸው እኩል የሆነ የታሸገ የተጠበሰ ዶሮ አነጻጽሮ በአልዲው ውስጥ 60 በመቶ፣ በቴስኮው ውስጥ 39 በመቶ የዶሮ ሥጋ መኖሩን አሳይቷል። ዋጋው እኩል ነው፤ ሥጋው ግን እኩል አይደለም።

ከማን ጋር ነው የሚነጻጸረው?

በፈረንሳይ አገር ደግሞ ክርክሩ በመደብሩ ስፋት ላይ ነበር። ካርፉር በ2012 መጨረሻ የ500 ምርቶችን ዋጋ ከተፎካካሪዎቹ ጋር አነጻጽሮ ረክሶ ለተገኘ ዕቃ የልዩነቱን እጥፍ እንደሚከፍል በቴሌቪዥን አስነገረ። ይሁን እንጂ ከራሱ ወገን የመረጣቸው እጅግ ሰፋፊዎቹን መደብሮች ሲሆን ከኢንተርማርሼ ወገን የወሰዳቸው ግን አነስተኞቹን ነበር። ሰፊ መደብር ብዙ ስለሚሸጥ ዋጋ መቀነስ ይቀለዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2017 እንዲህ ያለው ንጽጽር ልዩነቱ በማስታወቂያው ውስጥ ግልጽ ሆኖ ካልተነገረ ሸማቹን ሊያሳስት እንደሚችል ወስኗል።

በእንግሊዝም አስዳ፣ ቴስኮና ሴንስበሪስ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ገበያቸውን እየወሰዱ የነበሩት አልዲና ሊድል ከሚዛኑ ውጭ ነበሩ። ሞሪሰንስ በ2014 እነርሱንም ቢያስገባም በዓመቱ ትቶታል። ሴንስበሪስ በ2016፣ ቴስኮና አስዳ በ2018 የኩፖን ዋስትናቸውን አቋረጡ። ሸማቹ ከኩፖን ይልቅ መደርደሪያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ዋጋ መርጦ ነበርና። ቴስኮ በ2020 የተመረጡ ዕቃዎችን ዋጋ ከአልዲ ጋር ማስተካከል ሲጀምር ኩፖን አልሰጠም፤ ያስተካከለው የመደርደሪያውን ዋጋ ራሱን ነው።

ዋስትናው የሚናገረው ለማን ነው?

የዋጋ ዋስትና ከሸማቹ ሌላ የሚሰማው ጆሮም አለው፤ እርሱም የተፎካካሪው ነው። «ዋጋ ብትቀንስ ያኔውኑ እኔም እቀንሳለሁ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ተፎካካሪው እንዲህ ብሎ ያስባል፦ ዋጋ የምቀንሰው የእርሱን ደንበኛ ለማምጣት ነው፤ ደንበኛው ልዩነቱ እዚያው የሚመለስለት ከሆነ ወደ እኔ አይመጣም፤ ታዲያ ትርፌን ለምን እቀንሳለሁ? የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ስቲቨን ሳሎፕ ይህን ሥጋት በ1986 ጽፎበታል። ጄምስ ሄስና ኢታን ገርስትነር የተባሉ ተመራማሪዎችም በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሱፐር ማርኬቶችን ዋጋ ተከታትለው በ1991 ባወጡት ጥናት ዋስትናው ከመጣ በኋላ የመደብሮቹ ዋጋ እርስ በርስ መቀራረቡን፣ ይሁን እንጂ እንዳልወረደ፣ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ላይ ማዘንበሉን አሳይተዋል።

ይህ ማለት ዋስትና ሁሉ ማታለያ ነው ማለት አይደለም። በትክክል ዋጋው ዝቅ ያለ ነጋዴ ይህንኑ ለማያውቀው ደንበኛ የሚያስታውቅበት ጥሩ መንገድ ነው። ነገር ግን ሚዛኑን የሚመርጠው ቃል ገቢው ራሱ ነው። ዕቃውን፣ ተፎካካሪውን፣ ቀኑንና የመደመሩን ዘዴ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ ውጤቱንም በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነው።

ለነጋዴውና ለባለሀብቱ

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዋስትና ለመስጠት የሚያስብ ባለመደብር በመጀመሪያ መሠረቱን ይመልከት። ዋስትና የሚቆመው በተለጠፈ ዋጋና በደረሰኝ ላይ ነው። ዋጋ በክርክር በሚቆረጥበት ገበያ «ጎረቤት ዘንድ ረክሶ አገኘሁ» የሚለው ደንበኛ ማስረጃ አይኖረውም፤ ባለመደብሩም ማስተባበያ አይኖረውም። ከዚያ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ ይመልስ፦

የማነጻጽረው የትኞቹን ዕቃዎች ነው? ዝርዝራቸውስ ደንበኛው በሚያየው ቦታ ተለጥፏል?

የተፎካካሪዬን ዋጋ ማን ያነባል? በየስንት ቀኑ?

ልዩነቱን የምከፍለው በየዕቃው ነው ወይስ በድምር?

ተፎካካሪዬ የዘይትን ዋጋ ከመግዣዬ በታች ቢያወርደው ቃሌን ለስንት ሳምንት መጠበቅ እችላለሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ በቁጥር ሊመልስ ያልቻለ ነጋዴ ዋስትናውን ባይለጥፍ ይሻለዋል። ሸማቹም በበኩሉ ማስታወቂያውን ሲያነብ ከትልቁ ጽሑፍ በታች ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ይፈልግ፤ የኪሎውን ዋጋም ራሱ ያስላ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው እርሳስና ሁለት ደረሰኝ ብቻ ነው።