ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ የጡት ወተት አልቦ መላክ፦ ደረጃ በደረጃ

ልጅሽ 37 ሳምንት ሳይሞላው ተወለደ እንበል። እሱ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብቷል፤ አንቺ ገና ሳይሻልሽ አንበሳሜ ቀርተሻል። አብረሽው መሄድ ከቻልሽ ሂጂ። ካልቻልሽ ወተትሽ ይሂድለት።

1. ዛሬውኑ ጀምሪ። በወለድሽ 6 ሰዓት ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል። ወፍራሙን ቢጫ እንገር አትድፊ፤ ላልጠና አንጀት ከእሱ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ቅቤ ማላስም ይቅር።

2. ዕቃ አዘጋጂ። አፉ ሰፋ ያለ ስኒ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ብልቃጥ፣ መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ። ስኒውንና ብልቃጡን በሳሙና አጥበሽ 10 ደቂቃ ቀቅያቸው። በጨርቅ አትወልውያቸው፤ ራሳቸው ይድረቁ።

3. እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጥፍርሽን አሳጥሪ።

4. ፎጣ ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ ጡትሽ ላይ አድርጊ። ከዚያ ከዳር ወደ ጫፍ በቀስታ ዳብሺው።

5. አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች አድርጊ፤ ከጡቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ። ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ላም እንደሚታለበው ወደ ታች አትጎትቺ፤ ጣትሽም ቆዳው ላይ አይንሸራተት። ካመመሽ አያያዝሽ ልክ አይደለም፤ ጣትሽን አስተካክይ።

6. ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካለብሽ በኋላ ወደ ሌላው ጡት እለፊ። እያፈራረቅሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆዪ። በመጀመሪያው ቀን ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ። ጠብታዋን በስሪንጁ ከስኒው ሥር ሳቢያት፤ ሩብ ማንኪያ የማትሞላዋም ትሄዳለች።

7. በቀንና ሌሊት 8 ጊዜ እለቢ። ሰዓታችን ለዚህ ይመቻል፦ በ12፣ በ3፣ በ6፣ በ9፤ ቀንም ሌሊትም። የሌሊት 9 ሰዓቱን አትዝለይ፤ ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ሌሊት ይበረታል።

8. ብልቃጡ ላይ ጻፊ፦ የአንቺን ስም፣ የልጁን የካርድ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። «3 ሰዓት» ብቻ አትበዪ፤ የጠዋት ወይስ የማታ? ትኩሱን ከቀዘቀዘው ጋር አትቀላቅዪ።

9. ወተቱ ከታለበ 4 ሰዓት ሳይሞላው ይድረስ። መንገዱ በሐሙሲትና በወረታ ስለሆነ መኪና መጠበቅም አለ፤ እንግዲያው ብልቃጡን በረዶ ባለው ሣጥን ውስጥ አድርጊው። የክትባት ሣጥን ያለው የጤና ተቋም ይመክርሻል። የሚወስደውን ሰው «ነርሷ እጅ ስጥ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ አይንካው» በዪው።

10. መድኃኒት ከጀመርሽ ለነርሷ አሳውቂ። ኤችአይቪ ካለብሽም በራስሽ ወስነሽ ወተት መላኩን አታቋርጪ፤ ባለሙያ አማክሪ።

ልጁ መጀመሪያ በቱቦ፣ ከዚያ በስኒ ይጠጣል። መጥባትና መዋጥን ከመተንፈስ ጋር የሚያስማማው ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር 34 ሳምንት አካባቢ ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ ማለቡን አታቁሚ።

ያንቺ ካልበቃስ? የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቀጥሎ የሌላ እናት ወተት ነው፤ የዱቄት ወተት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልጠናውን አንጀት ከሚያቆስለው ከባድ በሽታ ይበልጥ የሚጠብቀው የሰው ወተት ነውና። የጡት ልጅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከ200 በላይ የእናት ወተት ባንክ ባላት ብራዚል ሰጪዋ የደም ምርመራ ታደርጋለች፣ ወተቷም በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ቤት ውስጥ ማፍላት ይህን አይተካም።

ጎረቤትሽ «የእኔ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ ልስጥሽ» ካለችሽ አመስግኛት፤ መጀመሪያ የራሷ ልጅ ይጥገብ። ከዚያ ብልቃጡን ሳትቀበዪ ነርሷን ጠይቂ፤ ጎረቤትሽም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ትመርመር።