አፈሩ ሲደርቅ ብቻ የሚያጠጣ መሣሪያ

ለንደን በሚገኙ አፓርታማዎች መስኮት ሥር፣ በማሰሮ ተተክለው የሚያድጉ ጤና አዳምና በሶብላ ባለቤታቸው ለሳምንታት አገር ቤት ሲሄድ በውሃ ጥም ይደርቃሉ። ለጎረቤት ቁልፍ መስጠት አንድ መላ ነው፤ ሌላው በራሱ የሚያጠጣ አነስተኛ መሣሪያ መሥራት ነው።

ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት በተወሰነ ሰዓት ውሃ የሚለቅ መሣሪያን ነው። ይሁን እንጂ የተክል የውሃ ፍላጎት እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል። በለንደን የቀኑ ርዝመት በሰኔ ከ16 ሰዓት ሲበልጥ፣ በታኅሣሥ ወደ 8 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። በሰኔ የሚበቃው ውሃ በታኅሣሥ አፈሩን ያጨቀያል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ መሣሪያው መከተል ያለበት የአፈሩን እርጥበት እንጂ ሰዓትን አይደለም።

ለዚህ ሥራ ማይክሮቢት የተሰኘው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል። ቢቢሲ ከአጋሮቹ ጋር ያዘጋጀው ይህ ሰሌዳ በ2016 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ተማሪዎች በነፃ ታድሏል። ከእርሱ ጋር የእርጥበት መለኪያ ሴንሰር፣ አነስተኛ የውሃ ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦና ባልዲ ያስፈልጋሉ።

ሴንሰሩ አፈር ውስጥ ሲተከል፣ ሰሌዳው እርጥበቱን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያነብባል። በመጀመሪያ በደረቅ አፈር፣ ቀጥሎም በሚገባ በጠጣ አፈር የሚታየው ቁጥር ይመዘገባል፤ በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር እንደ ወሰን ይያዛል። አፈሩ ከወሰኑ በላይ ሲደርቅ ፓምፑ ለ3 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል፤ ቀጣዩ ልኬት የሚደረገው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ውሃው እስኪሰርግ ካልተጠበቀ ሴንሰሩ አፈሩን ደረቅ መስሎት ፓምፑን ደጋግሞ ያስነሣል።

ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው ከሰሌዳው ሳይሆን በሬሌይ በኩል ከራሱ ባትሪ መሆን አለበት። ባልዲውም ከማሰሮው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የቱቦው ጫፍ ከባልዲው ውሃ በታች ከዋለ፣ ፓምፑ ቆሞም ውሃው በራሱ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ጉዳቱም ከታች ላለው ጎረቤት ጣሪያ ይተርፋል።

የለንደን የቧንቧ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ቱቦው በየጊዜው መጽዳት ይኖርበታል። መሣሪያው ባለቤቱ ከመጓዙ በፊት፣ በቤት ውስጥ እያለ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይሞከር፤ ጉድለት ካለው ሊታረም የሚችለው ያኔ ነው።