በባሕር ላይ ያለ የአይሮፕላን ሜዳ

ልጆች ሆይ፥ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ዘንድ አይሮፕላን የሚሸከሙ መርከቦች አሉ። የትልልቆቹ ርዝመት 333 ሜትር ያህል ነው፤ 5000 የሚያህል ሰውም ይኖርባቸዋል። ዳቦ ጋጋሪው፥ ልብስ አጣቢው፥ ጠጕር ቈራጩ ሁሉ አብሮ ነው።

በላይኛው ወለል ላይ የሞተሩ ጩኸት ቃል አያሰማምና የእያንዳንዱ ሥራ የሚታወቀው በሹራቡ ቀለም ነው። ቢጫ የለበሰው አይሮፕላኑን በእጅ ምልክት ይመራል፤ ሐምራዊ የለበሰው ነዳጅ ይቀዳል፤ ቀይ የለበሰው ቦምብ ይጭናል። አረንጓዴ ከለበሱት አንዳንዶቹ ደግሞ አይሮፕላኑ ሲያርፍ ከጅራቱ በታች ያለውን ሜንጦ ይዞ የሚያቆመውን የብረት ገመድ ይጠብቃሉ። የገመዱ ኃይል በየአይሮፕላኑ ክብደት ልክ መስተካከል አለበት፤ መሣሪያው ያለውም ከወለሉ በታች ነው። እንግዲህ አብራሪው ነፍሱን በማያየው ሰው እጅ ጥሎ ይወርዳል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት አይዘንሀወር በተባለው መርከብ ላይ፥ ከጥገና በኋላ የዚህ መሣሪያ አንድ ክፍል በትክክል ሳይስተካከል ስለ ቀረ ገመዱ ተበጠሰ። አይሮፕላኑ ከወለሉ ጫፍ ወደ ባሕሩ ዝቅ ካለ በኋላ በጭንቅ ተነሥቶ በረረ፤ የተወረወረው ገመድ ግን 8 መርከበኞችን አቈሰለ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ሌላ ሥራ ነው። ሞተር ትንሽ ብሎን እንኳ ቢውጥ ሊሰበር ይችላልና፥ ከበረራ በፊት መኰንኑም ተራው መርከበኛም ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፥ አንገታቸውን ደፍተው፥ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለቅማሉ።