ከከሚሴ ወደ ጣና ደሴቶች፦ የባልና ሚስት ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

ባለቤቴ አንድ ማታ ስልኳን ወደ እኔ አዙራ አንድ የካሪቢያን ደሴት አሳየችኝ። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ በሁለት ዛፍ መሐል በተወጠረ መረብ ላይ የተጋደሙ ባልና ሚስት። "እኛስ?" አለች። እኛ ከሚሴ ነን፤ ባሕር የለንም፣ ለዚያ ቲኬት የሚሆን ገንዘብም የለንም። ግን ጣና ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁና፣ "ደሴት ከሆነ ያማረሽ፣ አገራችን ሞልቷል" ብዬ ፎከርኩ። ሄድን፣ በሰላምም ተመለስን። በመሐል የሠራሁትን ስህተት ግን እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤት ትተርካለች። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ወቅቱን ከጥቅምት እስከ የካቲት አድርጉት። የካሪቢያን ሰዎች ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለውን የአውሎ ነፋስ ወቅታቸውን እንደሚፈሩ፣ ጣናንም በክረምት አትድፈሩት፤ ዝናቡም ማዕበሉም ደስታችሁን ይወስደዋል። የጥምቀትን ሰሞን ዝለሉ፣ ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል። የምትጾሙ ከሆነ ረመዳንም ይለፍ፤ ጀልባ ላይ በጠራራ ፀሐይ ውሃ እያዩ ውሃ መጠማት ከባድ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። በየብስ ከሆነ በደሴ፣ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ላይ ይወጣና ባሕር ዳር ይገባል። በአየር ከሆነ ከኮምቦልቻ መነሳት ይቻላል፤ ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን መቀየር አለ። ካርታ ላይ ስታዩት ሞኝነት ይመስላል፤ ወደ ደቡብ ሄዶ ወደ ሰሜን መመለስ። ቢሆንም አቅሙ ካላችሁ የአየሩን ምረጡ፤ ምክንያቱ ድካም ብቻ አይደለም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ውስጥ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። የከሚሴ ሰው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት መናኸሪያ ሂዱና ትናንት ከዚያ የመጣ ሾፌር ፈልጉ። ዜና የሚነግራችሁ የሳምንቱን ነው፤ ሾፌሩ የሚነግራችሁ የዛሬውን ነው። "ቆይ ትንሽ" ካላችሁ ቆዩ። ጨለማ ላይ አትጓዙ፣ መታወቂያችሁን ከኪሳችሁ አታርቁ፣ የት እንደምታድሩም ለቤተሰብ ተናገሩ። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ቴሌብር አያወጣችሁምና ቢያንስ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ብር ያዙ። ባሕር ዳር ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይሁን፤ እራት የምትበሉት በዚያ ልክ ነው።

ማደሪያ አያስቸግርም። ኩሪፍቱ አለ፣ ጣና ሆቴል አለ፣ ሐይቁን እያያችሁ የምታድሩባቸው ሌሎችም አሉ፤ ዝቅ ብሎም ፔንሲዮን ሞልቷል። የእኔ ዘዴ ይህች ናት፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ንጹሕ ፔንሲዮን ውስጥ እደሩ፣ በተረፈው ብር የመጨረሻዋን ሌሊት ሐይቅ ዳር እደሩ። ቀን ቀን ጀልባና ጫካ ላይ ለሚውል ሰው ውድ ክፍል ምን ያደርግለታል? የመጨረሻው ቀን ግን ከመስኮቱ ሳትነሱ ልትውሉበት ትችላላችሁ። ክፍሉን ሳትከፍሉ እዩት፤ አጎበር መኖሩን አረጋግጡ። ከእኛ ሜዳ ከጨፋ የመጣ ሰው ስለ ወባ መካሪ አያስፈልገውም፤ ባሕር ዳርም ወባ አለ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ። እንደኛ ሙስሊም ከሆናችሁ ሥጋ ለመብላት የሙስሊም ምግብ ቤት አጠያይቁ፣ ታገኛላችሁ። አሳ ግን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል፤ ማን አረደው፣ ማን ቢስሚላህ አለበት ተብሎ አይጠየቅም። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ አሳ በላን። ጥብሱን በሚጥሚጣና በሎሚ ያዙት፣ ጉላሹን ለማታ አቆዩት።

አሁን ወደ ጀልባው። እስካሁን ያልኩትን ብትረሱት ግድ የለኝም፤ ይህችን ግን ደግማችሁ አንብቧት።

የደረስን ማታ ሐይቁ ዳር ስንዘዋወር አንድ ደላላ አገኘን። ፈገግታው ሰፊ ነው። "ሦስት ገዳም አሳያችኋለሁ፣ ለምሳ ትመለሳላችሁ" አለ። እኔ የጠየቅሁት ዋጋ ብቻ ነበር። ተከራከርኩ፣ ትንሽ አስቀነስኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ጠዋት ጀልባው መጀመሪያ ያቆመን ክብራን ገብርኤል ነው። ደን የለበሰች ትንሽ ደሴት፣ ከውሃው ዳር ሽቅብ የሚወጣ መንገድ። ቀድሜ ዘለልኩና ለባለቤቴ እጄን ዘረጋሁ። ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እህታችን እዚሁ ትጠብቅ፤ እዚህ ሴት አይገባም" አለ።

በዚያች ሰዓት መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን "ተከፍሎበት!" አልኩና ብቻዬን ወጣሁ። ስመለስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ካፒቴኑ አንቀላፍቷል። ባለቤቴ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ስባ፣ ያለንን አንድ ላስቲክ ውሃ ጨርሳ፣ ባዶውን ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። "እንዴት ነው?" አለችኝ። "ቆንጆ ነው" አልኩ። ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነበር።

ክብራን ገብርኤልም፣ የእነ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስም የወንዶች ብቻ ናቸው። የገዳሙ የቆየ ሥርዓት ነው፤ መነኮሳቱ ላይ አትቆጡ፣ ለመከራከርም አትሞክሩ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ ሳይጠይቅ የከፈለው ሰው ነው። ባልና ሚስት አብረው የሚገቡባቸው ሞልተዋል፦ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ከክብራን አጠገብ ደግሞ እንጦስ። ደቅ ደሴት ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም አለ፤ እሱ ግን ሩቅ ነው፣ መሄጃው ብቻ ሰዓታት ይበላል። ለመጀመሪያው ቀን ዘጌ ይበቃችኋል።

ስለዚህ ስትዋዋሉ "ሦስት ገዳም" የሚል ቃል አትቀበሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ አስጠሩ፣ በእያንዳንዱ ስም ላይም "ሁለታችንም እንገባለን?" በሉ። ቀጥሎ ዋጋው የሙሉ ጀልባ ነው ወይስ በሰው፣ እሱን አስለዩ። ከሌሎች ጋር ተጋርታችሁ ብትሄዱ ይረክሳል፤ የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን ብዙሃኑ ነው። የገዳሙ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ከጀልባው ውጭ መሆኑን እወቁ፣ አለዚያ እዚያ ስትደርሱ የተታለላችሁ ይመስላችኋል። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ ቀሪው ወደብ ስትመለሱ ይከፈል። ከሁሉ የሚሻለው ደላላውን አልፋችሁ፣ ማታውኑ ጀልባዎቹ ወደሚታሰሩበት ሄዳችሁ፣ ነገ የሚነዳላችሁን ሰው ራሱን አግኝታችሁ ሻይ መጋበዝ ነው። በሁለተኛው ቀን እንዲህ አደረግሁ፤ በዋጋም በወሬም አተረፍኩ።

ላይፍ ጃኬት "አለ" ሲሏችሁ አትመኑ፤ አውጡት፣ ልበሱት፣ ማሰሪያው እንደሚይዝ ፈትሹ። የመነሻውን ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት፣ የመመለሻውን ከስድስት እንዳያልፍ አድርጉ። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። እኛ ክብራን ላይ ባጠፋሁት ጊዜ ምክንያት ከዘጌ የተነሳነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን እየመታ ውሃ ይረጨን ጀመር። ከወንዛችን ከቦርከና ሌላ ውሃ የማላውቀው ሰውዬ አግዳሚውን በሁለት እጄ ጨብጬ ዱዓ ላይ ወደቅሁ። ባለቤቴ ግን ከጠዋት ጀምራ አኩርፋ ውላ እዚህ ላይ ሳቀች።

የቀረው ቀላል ነው። ዘጌ ወርዳችሁ በቡና ጫካው ውስጥ በእግር ሂዱ፤ በመንገዱ ዳር ቡናውንም፣ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችንም ይሸጣሉ። በአካባቢው ወግ ዘጌ ላይ ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው። በጋ ሲገባ መንጋው ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበትን የጨፋን መስክ እያየ ላደገ ሰው፣ አንዲት ላም የማትታይበት አገር ውስጥ መሄድ ያስገርማል። ባለቤቴ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንኑ ነው፤ "እዚህ ወተት ከየት ይመጣል?" አለች። ገዳሙ ዘንድ ጫማ ይወልቃል፣ ልብስ የሸፈነ ይሁን። እኛ ሙስሊም መሆናችንን ለአስጎብኚው አስቀድመን ነገርነው፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። መግባት ያልፈለገ ደጁ ላይ ቡና እየጠጣ ይጠብቅ፤ በፈቃድ መጠበቅና ተገድዶ መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ። ዳር ዳሩንም እግራችሁን አስገብታችሁ አትቀመጡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ ለጉማሬ ከሄዳችሁም ካፒቴኑን "ቅረብልን፣ ፎቶ እናንሳ" ብላችሁ አትወትውቱት።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ካልሆነ አትልፉ፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ በበጋ የምታገኙት ቋጥኙን ነው። ለማታ በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በእግር መሻገር ይበቃል፤ ነጻ ነው፣ እኛም ከሁሉ የወደድነው እሱን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ድረሱ፤ የባጃጁን ሰዓት ግን አትርሱ።

ይህን ሁሉ ካሰናዳችሁ በኋላ የመናኸሪያው ሾፌር ራሱን ከነቀነቀስ? ቤት አትቀመጡ። ወደ ደሴ ያለው መንገድ ሰላም ከሆነ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሐይቅ አለላችሁ፤ ከከሚሴ በጠዋት ተነስታችሁ ለምሳ አሳ ትበላላችሁ። ጥንት ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው ገዳምም እዚያው ነው። ግን ልንገራችሁ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስም ሴት አያስገባም።